አጥሩ መጨረሻ ይቁም

ዛሬ በከተማው የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ «አጥር አይቆምም!» ተብሎ ሲወሰን ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፤ የደብረ ማርቆሱ አጥር በያጅ!

ከተማው ከሰፈራችን በታች ያለውን ሜዳ ለባትሪ ማከማቻ በሊዝ ሊሰጥ ነው። ትልልቆቹ ባትሪዎች መብራት ሲተርፍ ይሞላሉ፤ ሲጠፋ ለከተማው ይሰጣሉ።

መብራት በጠፋ ቁጥር እጄን አጣጥፌ ለምቀመጠው ለእኔ ይህ ሠርግና ምላሽ ነው።

ስብሰባው ላይ ግን የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተመቸ ተነሡ።

«ይኸንኑ ሜዳ ፊት የወሰደው ባለሀብት በቆርቆሮ አጥሮ ጠፋ። ሣሩ ውስጥ፣ ላሞቻችን ውጭ! አሁንም መሬቱን ስጡ፤ ግን ባትሪው ሳይመጣ አንድ ቆርቆሮ እንዳይቆም።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የከተማው ኃላፊዎች ተያዩ፣ ተመካከሩ፣ ከዚያ ውሉ ውስጥ አስገቡት። ተፈረመ!

ስንወጣ ጋሽ ተመቸ ትከሻዬን ያዙና «የአጥሩን ሥራ አስቀረሁብህ አይደል?» አሉኝ።

«መብራት ይኑር እንጂ ጋሼ፣ ሥራ ሞልቷል!»

እናንተ ሰፈርስ ታጥሮ ሣር ያበቀለ ሜዳ አለ? ጻፉልኝ። ሲፈቀድ አጥሩን በነጻ እቆርጥላችኋለሁ፤ መቁረጫው አለኝ፣ መብራቱም እየመጣ ነው!