የአንድ ሰዓት ከአምስት መንገድ

በአውሮፕላን ቲኬት ቢሮው «እሜቴ ኪሎሜትር» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያች መስታወት ኋላ ተቀምጣ ቲኬት ስትቆርጥ ኖራ፣ የትኛው ከተማ ከየትኛው ምን ያህል እንደሚርቅና በረራው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ኮምፒውተሩን ሳታይ ትናገራለች። ታላቅ ወንድሟ ያለበትን ከተማማ ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷትም አትስተውም፤ በአየር አራት መቶ አስር ኪሎሜትር፣ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። በመኪና ግን ተራራውን ሲዞሩት ስድስት መቶ አርባ ይሆናል፤ አስራ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የስፌት መኪና ሲረግጥ ውሎ ያሳደጋትና ያስተማራት እሱ ነው።

«እህት ዓለም፣ መቼ ነው ብቅ የምትይው?» ይላታል በስልክ።

«አንድ ሰዓት ከአምስት እኮ ነው ወንድም ጋሼ! አንድ ቀን ብድግ ብዬ እመጣለሁ።»

የጎዳት ቅርበቱ ነው። ሩቅ አገር ቢሆን ኖሮ ቀን ቆርጣ፣ ፈቃድ ጠይቃ ትሄድ ነበር። ዛሬ ነገ ስትል ዘጠኝ ዓመት እንደ ዋዛ አለፈ።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ የወንድሟ ሚስት ደወለች። «ግማሽ ጎኑን መታው፤ አንደበቱም ተያዘ። የምትመጪ ከሆነ አሁን ነይ።»

በማግስቱ በመጀመሪያው በረራ ልትሄድ አውሮፕላን ጣቢያ ደረሰች። ጉም ወረደ። ሁለት ሰዓት ጠበቀች፣ አራት ሰዓት ጠበቀች። «ትንሽ ይታገሡ እመቤት፣ እስኪገልጥ ነው» አላት አንድ ወጣት ሠራተኛ፣ እሷ ራሷ ለስንቱ መንገደኛ ባለችበት ለዛ። እኩለ ቀን ላይ በረራው ተሰረዘ። የነገውም አያስተማምንም ሲሏት፣ ረቡዕ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ያን መንገድ በቁጥር እንጂ በዓይኗ አታውቀውም ነበር። ጠመዝማዛዎቹን አንድ በአንድ ትቆጥር ጀመር። ሹፌሩ ለምሳ ሲቆም ሰዓቷን እያየች አውቶቡሱ ውስጥ ቀረች።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳች። የወንድሟ ሚስት ከፈተችላት፤ ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት ደም ለብሷል።

«አሁን መጣሽ?» አለች። አልጮኸችም፤ ቢጮኹባት ይሻላት ነበር።

ወንድሟ መስኮቱ ሥር ተጋድሟል፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ሲያያት ግራ እጁን አንስቶ ወደ ቁምሳጥኑ ጠቆመ።

«ኮቱን ነው» አለች ሚስቱ። «'ለክረምት እመጣለሁ' ያልሽ ጊዜ የሰፋልሽ ነው። ስድስት ዓመቱ።»

ጥቁር ሰማያዊ ኮት ነበር። ስትለብሰው ትከሻው ልክክ አለ፤ ቁልፉ ግን ሆዷ ላይ አልገጥም አለ።

«ተበላሸሁብህ፣ ወፈርኩ» ብላ ልትስቅ ሞከረች።

እሱ አልሳቀም። ጣቱን አየር ላይ ማስኬድ ጀመረ። ሚስቱ ገባትና ጠመኔ አምጥታ አስያዘችው። እህቱ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። ባልለመደው ግራ እጁ ኮቱ ላይ ከብብቷ ጀምሮ እስከ ወገቧ መስመር አሰመረ፤ እየሳተ፣ እንደገና እየጀመረ።

«እዚያ ጋ ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ትቷል» አለች ሚስቱ፣ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስልሶ። «'ሰው እንደ ተለካ አይኖርም' ይል ነበር።»

አስራ አንድ ቀን አልተለየችውም። በማንኪያ አጎረሰችው፣ ገላውን አጠበችው፣ የዘጠኝ ዓመት ወሬዋን ነገረችው። ይስማ አይስማ አልታወቀም፤ በአስራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት አረፈ።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣ የሙያ ጓደኛው ኮቱን አየና ትርፉን ጨርቅ ለቅቄ ላስፋልሽ አላት። «የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ እህቴ።»

«ይቅር» አለችው። ኮቱ ሲሠራ ወንድሟ ያሰመረው ጠመኔ ይራገፋል።