የሚንሃ ሰባት ቤት

ራቢአ ቡራዩ ላይ በርበሬና ቅመም ስትሸጥ ነው ያረጀችው። የሱቁ ባለቤት ከድሩ ለጠየቀው ሁሉ «የአክስቴ ልጅ ናት» ይላል። እውነቱን ግን ሆድ ይፍጀው ብለው ሁለቱም ዝም ብለው ኖረዋል። የከድሩ ቤተሰብ በቡናና በዝባድ ንግድ ከበረ ይባላል፤ ቡናውን ማን ተሸክሞ እንዳመጣው አይወራም።

የራቢአ አያት ከጊቤ ማዶ የመጣች ናት። መንደሯን የወረረው የጎረቤት ባላባት ነበር፤ ሰው ሸጦ ጠመንጃ መግዛት አምሮት። ደላላው ገበያ አወጣት፣ ኬላ ጠባቂው ቀረጥ ተቀበለባት፣ የከድሩ ቅድመ አያት ሐጂ አደም ገዟት። ሁሉም የየድርሻውን በላ፤ ኋላ ግን እጄ አለበት ያለ አንድም ሰው አልተገኘም።

በ2008 የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን መሬታችንን ሊውጥ ነው ተብሎ ቡራዩ ስትታመስ፣ ጎረቤቷ ኦቦ መገርሳ የአባቶቹን መቃብር እየጠቆመ ይሟገት ነበር። ራቢአ በሐዘኑ አዘነች፣ በመቃብሩ ግን ቀናች። እሷ የምትጠቁመው የላትም።

በዚያው ሰሞን ልጇን ሚንሃን ለየህያ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች በአያቱ በሐጂ ኡበይድ መሪነት ከሰበታ መጡ። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ስለነበር ግማሹን በእግራቸው ነው ያዘገሙት። ሚንሃ የህያን ትወደዋለች፤ ራቢአም ይህ ጋብቻ እንዳይቀር ዱዓ አድርጋ አልጠገበችም።

በእነሱ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ ዘመድ ከተገኘ ነገሩ ይቀራል። የሚንሃ አባት ወገን ተቆጠረና አለፈ። የእናቷን ወገን ሊቆጥር ከድሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ደግ የሠራ መስሎት፣ የራቢአን እናት የአያቱ ልጅ አድርጎ እስከ ሐጂ አደም ድረስ ወጣ። ወይ ጉድ! ለካ ሐጂ አደም የሐጂ ኡበይድም ቅድመ አያት ኖረዋል። ቤተሰቡ ጥንት በውርስ ተጣልቶ ሲበተን ግማሹ ሰበታ ገብቶ ተረሳስቶ ነበር።

ሐጂ ኡበይድ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ልጆቹ ዘመዳሞች ስለሆኑ ነገሩ ቀርቷል አሉ።

ከድሩ መሬት መሬት አየ። አንድ ቃል ቢተነፍስ ጋብቻው ይተርፋል፤ የቤቱ ስም ግን ይጎድፋል። ራቢአ ደሟ ፈላ። ዕድሜዋን ሙሉ ዘመድ ያደረጓት ዛሬ የልጇን ጋብቻ ሊያስቀሩባት ነው እንዴ?

«ዘመድ አይደለንም» አለች። «አያቴ የተገዛች ናት። የገዟትም ሐጂ አደም ናቸው።»

ሐጂ ኡበይድ ተመልሰው ተቀመጡ። የባሪያ ዘር አንፈልግም እንዳይሉ፣ ገዢው የገዛ ቅድመ አያታቸው ናቸው። ይሁን እንዳይሉ ሰባቱ አልተቆጠረም። ስለዚህ እስቲ ራስሽ ቁጠሪ አሏት።

«የሚንሃ እናት እኔ ራቢአ። የኔ እናት ዘሃራ። የዘሃራን እናት እነ ሐጂ አደም ሰዓዳ ብለዋታል፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም ግን ልጅ ስለነበረች ረስታዋለች። ከዚያ በላይ አላውቅም። የገዟትም አልጠየቋትም።»

ሽማግሌዎቹ ሐጂ ኡበይድን አዩ። እሳቸው ራቢአን ማየት አልሆነላቸውም።

«ያለው ይበቃል» አሉ። «የቀረውን ያጎደልነው እኛ ነን።»