«ኔትወርክ የለም» ያሉት ጎረቤታችን

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። የጀግንነት ሥራ የለበትም፤ ትልቅ ሰውም አይገኝበትም። የእንግሊዝኛ መምህራችን ግን አንድ ቃል መርጣችሁ ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደ ተለወጠ ጻፉ ሲሉን፣ ወደ አእምሮዬ የመጣው ይኸው ብቻ ነው።

ቃሉ ኔትወርክ ነው። መዝገበ ቃላት እንደሚለው መጀመሪያ እንደ መረብ የተጠላለፈ የክር ወይም የሽቦ ሥራ ማለት ነበር። ቆይቶ ለወንዞችና ለባቡር ሐዲዶች ተባለ፤ ከዚያም ለስልክ። እኛ አገር ሲደርስ ደግሞ ኮረብታ ሆነ። መንደራችን ከቡሬ ራቅ ያለ ስለሆነ ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። «አባትህ የት አሉ?» ሲባል፣ «ኔትወርክ ወጥተዋል» ይባላል።

ጉብታው ሥርዓት አለው። እዚያ ሆኖ የሰው ሞት የሰማ ለሟቹ ቤተሰብ በቀጥታ አይናገርም። ወርዶ «ኔትወርክ የለም» ይላል። ከዚያ ሽማግሌዎች ተጠራርተው በማለዳ ሄደው ያረዳሉ። ይህን የማያውቅ የለም፤ እናቴም ታውቃለች።

ባለፈው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ጥሪ እየጠበቅሁ ቤት ሳለሁ፣ ታላቅ እህቴ ምጥ ጠንቶባት ከባሏ ጋር ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄደች። በማግስቱ ሽማግሌው ጎረቤታችን የእናቴን ስልክ ይዘው ጉብታው ላይ ወጡ። ሲመለሱ እናቴ ደጅ ቆማ ነበር።

«ምን አሉ?»

«ኧረ ኔትወርክ የለም።»

እናቴ ፊታቸውን አየች። «ግድ የለም፣ ይንገሩኝ።»

«ማርያምን! የለም ስልሽ!»

«ለኔትወርክ በማርያም ይማላል?» አለችና ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አደገደገች።

ሰውየው በማሉ ቁጥር ነገሩ ባሰ። እኔም መቀመጥ አቃተኝ፤ ከበሩ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ በሩ እመላለሳለሁ። በመጨረሻ ተነሥቼ ቡሬ ወረድሁ፤ በሚኒባስም ፍኖተ ሰላም ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ተሳፋሪው ሲስቅ ያናድደኛል፣ ዝም ሲልም ይጨንቀኛል።

እህቴ በቀዶ ሕክምና ወልዳ ተኝታለች። ሴት ልጅ። ባሏ ሲያየኝ ሳቀ።

«ጥሪ አይቀበልም እያለን እኮ ነው! ምነው፣ ኮረብታችሁን ጅብ በላው?»

ጎረቤታችን እውነታቸውን ነበር። አውታሩ ተበላሽቶ ኖሯል። ስለዚህ የምሥራቹን በስልክ ማድረስ አልቻልሁም። እናቴ እንድታምነኝ እናትና ልጅን በስልኬ ፎቶ አነሣሁና በማግስቱ ተመለስሁ።

ግቢያችን በሰው ተሞልቶ ደረስሁ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል።

ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ጮህሁ፦ «በሰላም ተገላግላለች! ሴት ናት!»

አንዲት ሴት እልል አለች። ሌሎቹ ግን እናቴን እያዩ አፋቸው ላይ እጃቸውን እንደ ጫኑ ቀሩ። ፎቶውን አሳየኋት። አተኩራ አየችው።

«የእህትህ ዓይን ለምን ተጨፈነ?»

«ተኝታ ነው፣ እምዬ።»

«እሱንማ አየሁ።»

እልል ያለችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔም እንደ ጎረቤታችን መማል ጀመርሁ፤ በማርያም፣ በሚካኤል። እናቴ በሐዘኔታ ትመለከተኛለች።

«አንተም የተማርህ ነህ፤ ሰው እንዴት እንደሚያጽናኑ ታውቃለህ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስረዳት አልቻለም። ምግብ ስታቀርብልኝ እንኳ ታባብለኝ ነበር። ጎረቤታችን በየማለዳው ጉብታው ላይ እየወጡ ይመለሳሉ፤ ግን ወደ ግቢያችን መግባት ፈርተው ከሩቅ «የለም» እያሉ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። እኔም ከቡሬ የሚመጣውን መንገድ ከማየት ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

እናቴ ያደገደገችውን ነጠላ የፈታችው እህቴ በበቅሎ ተቀምጣ፣ ሕፃኗ እያለቀሰች፣ በራችን ላይ ስትደርስ ነው። ቀኑም የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነበር።