የተቃጠለ አጥንት ወደ በደሳ

ከአሰበ ተፈሪ ስንነሳ አራት ነበርን፦ የጭነት መኪናው ሾፌር አህመድ፣ ከጎንደር ተመድቦ የመጣው መምህር ታደሰ፣ ጨው ልትሸጥ የምትሄደው ዘይነባ፣ እና እኔ። በደሳ ላይ የቡና ገበሬው አባ ዑመርና ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ ሲጨመሩ ስድስት ሆንን።

የሄድኩት የአባ ዑመርን ቡና ከመነቀል ለማትረፍ ነው። ምርቱ ስላነሰባቸው ጫት ሊተክሉበት ወስነዋል። ለዚህ ውሳኔ ያበቃኋቸው በከፊል እኔ ነኝ። አምና ስለ አንድ ጀርመናዊ ኬሚስት ሕይወት የሚተርክ መጽሐፍ ግማሹን ብቻ አንብቤ፣ ቡናው የጎደለው የአጥንት ማዕድን ነው አልኳቸው። ከአሥራ ሁለቱ የቡና ዛፎቻቸው ሥር የበሬ አጥንት ሳልፈጨው እንዳለ ቀበርኩ። በሦስተኛው ቀን ጅቦች ቆፍረው አወጡት። ሁለት ዛፎች ሥራቸው ተበጥሶ ደረቁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት

ለአንድ ሰው አንድ ብር ከሃምሳ ከፈልን። አህመድ ጆንያዬን ከፍቶ አየ።

«ኖራ ነው?»

«የተቃጠለ አጥንት ነው።»

«አሁንም አጥንት? ወላሂ፣ በደሳ ውስጥ ስምህ የጅብ ጋባዥ ነው!»

ዘይነባ ሳቀችና «ከጨዌ አርቀው» አለች።

ኩኒ፣ ሦስት ሰዓት

ጉሙ ጥዶቹን ሸፍኗቸዋል። የማሽላ ቂጣ በሻይ እየበላን ታደሰ ስለ ኬሚስቱ ጠየቀኝ። ያነበብኩትን ነገርኩት። አባቱ የቀለም ነጋዴ ነበር፤ ልጁ በዚያ ሱቅ ውስጥ እየቀላቀለ ተማረ። ገና በሃያ አንድ ዓመቱ ፕሮፌሰር ሆነ። ተክል ማዕድን እንደሚመገብና ምርቱን የሚወስነው ከሁሉ ያነሰው ምግብ እንደሆነ አስተማረ። ቀጥሎ ማዳበሪያ ሠራ። ዝናብ እንዳያጥበው ብሎ አቅልጦ አጠነከረው፤ ሥሮቹም ሊጠጡት አልቻሉም።

«ልክ እንዳንተ አጥንት!» አለ ታደሰ።

«አዎ። ይህን የሚናገረው ምዕራፍ አምና ካቆምኩበት ቀጥሎ ነበር፤ ያነበብኩት ዘንድሮ ነው።»

በደሳ፣ ስድስት ሰዓት

አባ ዑመርን ዶማ እንደያዙ ማሳው ውስጥ አገኘናቸው። አንድ ዛፍ ተነቅሎ ወድቋል። ዘጠኝ ቀርተዋል።

«መጣህ? ዋራቤሳውስ የታለ?» አሉኝ፤ ጅቡን በኦሮምኛ ጠርተው።

«አባ ዑመር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አጥንቱ ተቃጥሎ መፈጨት ነበረበት። ፈረንጁም እንዲህ ተሳስቶ ነበር።»

«ተሳስቶ ምን አደረገ?»

«ተሳስቻለሁ ብሎ ጻፈ።»

«በገዛ እጁ?»

«በገዛ እጁ።»

ወይዘሮ ፋጡማ ከአጥሩ ሥር ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «አንተ እንኳን ልትጽፍ፣ ፍየሏን በር ከፍተህ ያስወጣሃት አንተ እንደሆንክ እስከ ዛሬ አላመንክም!»

ሁላችንም ሳቅን። አባ ዑመር ግን አልሳቁም። ዶማውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

ወይዘሮ ፋጡማ ከጆንያው ዘግነው አሸተቱ። «አመድ አመድ ነው የሚለው። ለዚህ ጅብ አይመጣም።»

ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጌ አጥንቱን መውቀጥ ጀመርኩ። ዱቄቱን ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅዬ፣ ከየዛፉ ግንድ አንድ ክንድ ርቄ ዙሪያውን አለበስኩት። በስድስተኛው ዛፍ ላይ ቀና ስል ዶማው አጥሩን ተደግፏል፤ አባ ዑመር ውኃ ተሸክመው እየመጡ ነው።

«እስከሚቀጥለው ለቀማ ብቻ» አሉ። «ከዚያ ዶማ ነው።»

ወይዘሮ ፋጡማ ሆጃ አፈሉልን፤ የቡና ገለባ በወተት ነው።

አሰበ ተፈሪ፣ እሑድ ከሰዓት

ቤቴ ስገባ መጽሐፉን አንስቼ የቀሩትን አርባ ገጾች ጨረስኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው፦ በሰው ማሳ ከመቆፈሬ በፊት እስከ መጨረሻው ማንበብ።

ሁሉንም በጥንቃቄ መዝግቤአለሁ። አንድ ነገር ብቻ አምልጦኛል። አጎንብሼ ስወቅጥ ስለነበር አባ ዑመር ዶማውን ያስቀመጡት መቼ እንደሆነ፣ ምን ብለው እንደሆነ አላየሁም፣ አልሰማሁም። አህመድ፣ ታደሰ፣ ዘይነባ፣ እዚያው ቆማችሁ ነበር፤ ያየ ይንገረኝና ልጨምረው።