ለአባ ያልተናገርኩት ግማሽ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ አልተናገርኩትም፤ ለባለቤቴም አልተናገርኩትም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ንስሐ ስገባ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ እየዘረዘርኩ ይህችን አንዲቱን ይዤ እመለስ ነበር። እናንተ የምታነቡ ሰዎች አታውቁኝም፤ ስለማታውቁኝ ይሆናል የቀለለኝ። የምጽፈው በጣም ቀስ ብዬ ነው። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ውዴ እባላለሁ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ባለች ቀበሌ ነው የኖርኩት። ባለቤቴ ሞላ የትምህርት ቤታችን መምህር ነበር። ባለፈው ጥር አረፈ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ በቀበሌያችን እንዲህ የተማረች ሴት ሌላ አልነበረችም። ስለዚህ ደብዳቤ ሲመጣ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። ወታደር የሄደ ልጅ፣ ሁመራ ለሰሊጥ የወረደ ባል፣ አዲስ አበባ የገባች እህት፣ የሁሉም ቃል በእኔ አፍ ነበር የሚደርሰው። ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳገባ ከእናቱ በፊት አውቅ ነበር። በሠርግም በለቅሶም ከፊት ያስቀምጡኝ ነበር። ያ ክብር ሥሩን በውስጤ እንደሰደደ የገባኝ ሊነቀል ሲል ነው።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው ሞላ አንድ ወሬ ሰማ። ለገጠር ቀበሌዎች ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት የሚሰጥ ፕሮጀክት አለ ተባለ። እሱ ደግሞ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። ወደ ፍኖተ ሰላም ስንቴ እንደተመላለሰ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ጫማው ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። በመጨረሻ ሦስት ኮምፒዩተሮች መጡ፤ በገበሬዎች ማሠልጠኛው ቤት ጣሪያ ላይም ትልቅ ሳህን የሚመስል ነገር ተተከለ።

በሥራ ቀን ግን ማንም አልመጣም። አረም አለ፣ ወፍጮ አለ፣ ከብት አለ። ሞላ አሰበና መላ አገኘ። በእኛ አገር በወር ውስጥ ሞፈር የማይነካበት፣ እንዝርት የማይሾርበት ቀን ብዙ ነው። ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም። “ሰው እጁን አጣጥፎ በሚውልበት ቀን እናስተምር፤ መማር ሥራ አይደለም” አለ። ቅዳሴ ሲያልቅ ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ እጃቸውን ታጥበው ይመጡ ጀመር። የመጀመሪያው ቀን ሞላ በእጅ የምትያዘዋን ነገር እያሳየ ስሟ አይጥ ነው ሲላቸው አንዷ፣ “መምህር፣ ዕድሜያችንን ሙሉ ከጎተራ ስናባርራት ኖረን ዛሬ ደግሞ ጀርባዋን እሹልኝ ይሉናል?” አለችና ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ከሁሉም የፈጠነችው የሺ ነበረች። የሺ ከትዳሯ ወጥታ በአባቷ ጓሮ ጎጆ ቀልሳ የምትኖር ወጣት ሴት ነበረች። መሬት አልነበራትም። ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። በሦስት ወር ውስጥ ፊደሉን ሳታይ ትጽፍ ጀመር። ቡሬ ያለ የፕሮጀክቱ ሰው በገበያ ዋዜማ የበርበሬ ዋጋ በኢሜይል ይልክላታል፤ እሷ አውጥታ ለሴቶቹ ታነባለች። በየደጁ እየዞረ በርበሬ የሚገዛው ነጋዴ፣ “የሺ ሳታነብልን አንሸጥም” ሲሉት ተናድዶ ሄደ። ሞላ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ያበራ ነበር። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያኔ ሳቄ እውነት ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን እማማ ጠጄ ፖስታ ይዘው በደጄ አለፉ። ለዓመታት የልጃቸውን ደብዳቤ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ወጥቼ፣ “እማማ፣ ደብዳቤ መጣልዎት?” አልኳቸው።

“አዎ ልጄ፤ አንቺን ደግሞ ስንት ጊዜ ላስቸግርሽ? የሺ ታነብልኛለች። መልሱንም እዚያው ትልክልኛለች። ባንቺ ፖስታ እኮ ልጄ እስኪያገኘው እኔ እሞታለሁ” አሉና ስቀው አለፉ።

ክፋት አልነበረባቸውም። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በዚያው ሳምንት ሞላ፣ ፕሮጀክቱ ለኮምፒዩተሩ ቤት ኃላፊ ሊቀጥር መሆኑን፣ ኅዳር መጀመሪያ ፈታኝ እንደሚመጣ ነገረኝ። “የሺ ታልፋለች፤ ቁልፉ የእሷ ነው። ይህን ካገኘች ራሷን ችላ በአገሯ ትኖራለች” አለ። አንቺስ አትፈልጊም ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም እፈልጋለሁ አላልኩም። ለምን አላልኩም? ብናገር ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር? እፈልጋለሁ ማለት አሳፈረኝ፤ ያደረግሁትን ማድረግ ግን አላሳፈረኝም።

ያደረግሁት ይህ ነው። ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። “አባቴ፣ በበዓል ቀን ሴቶች ተሰብስበው በጣታቸው ሲሠሩ ቢውሉ ይፈቀዳል?” አልኳቸው። ስለ ትምህርት አላነሳሁም። ስለ ኮምፒዩተሩ ቤት አላነሳሁም። እሳቸው ደንግጠው፣ “በበዓል የምትፈትል ሴት አለች እንዴ ልጄ?” አሉ። ፈትል መስሏቸዋል። እንዲመስላቸው አድርጌ ነው የጠየቅሁት። “አይ፣ እንዲያው ልጠይቅዎት ብዬ ነው” አልኩ። “አይፈቀድም” አሉኝ። ያችን አንዲት ቃል ይዤ ወጣሁ።

ጥቅምት ሃያ አንድ በማርያም ማኅበር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ጠላው እየዞረ፣ “አባ በበዓል በጣት መሥራት አይፈቀድም ብለዋል፤ እንግዲህ ኮምፒዩተሩንም አስቡበት” አልኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም። ድምፄን ከፍ ማድረግ አላስፈለገኝም።

ሞላ በማግሥቱ፣ “አባ ከለከሉ ይባላል፤ እውነት ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። “እኔም ሰማሁ” አልኩት። እኔ የተናገርኩትን፣ እኔም ሰማሁ። ራሱ ሊጠይቃቸው ሄደ፤ አባ ግን በዚያው ጠዋት ለሱባኤ ወደ ገዳም ሄደው ነበር። በጊዮርጊስ ዕለት ከሴቶቹ አንዲትም አልመጣችም። የሺ ብቻ መጣች፤ ፈተናዋ ደርሷል። ሞላ፣ “ማንበብና መጻፍ ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይሁን” ብሎ ቁልፉን ሰጣት።

በሦስተኛው ቀን በረዶ ወረደ። ከወንዙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ያለውን ጤፍና በርበሬ እንደ አውድማ ለቅልቆት ሄደ። የሌላው አገር ሰው ይህን ሲያነብ ምን አገናኘው ይል ይሆናል። እኛ ዘንድ በረዶ ሲወርድ ሰማይን ቀና ብሎ የሚያይ የለም፤ በዓል የሻረ ማን ነው ተብሎ ነው የሚጠየቅ።

የሺን ከዋርካው ሥር አቆሟት። የእድሩ ዳኛ፣ “በጊዮርጊስ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?” አላት።

“ስጽፍ ዋልኩ።”

“ምን ስትጽፊ?”

“ስማችሁን። እየተለማመድኩ ነበር፤ የአገሩን ሰው ስም ሁሉ እጽፋለሁ።”

ከኋላ አንድ ሰው፣ “ስማችንን ጽፋ ነው በረዶውን የጠራችብን” አለ። ሞላ ተነሥቶ ጮኸ፤ ማን ይስማው? እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ አባ ስለ ፈትል ነው የተናገሩት ማለት። ከንፈሬ አልተከፈተም። የሺ ዞራ ስታይ ዓይኗ ዓይኔ ላይ አረፈ፤ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

ማኅበር እንዳትጠጣ፣ እሳት እንዳይጫርላት ተፈረደባት። ፈታኙ ከመምጣቱ በፊት ዕቃዋን አዝላ ወደ ቡሬ ሄደች። አባትዋ እስከ አስፋልቱ ብቻቸውን ሸኟት።

ቁልፉንስ ማን ያዘ? እኔ ያዝኩ። ሦስቱን ኮምፒዩተሮች ጥልፍ ያለው ሽፋን ሰፍቼ አለበስኳቸው። ማንም አልመጣም። ስምን ጽፎ በረዶ የሚጠራ ቤት ማን ይገባል? ዓመት ሳይሞላ አይሱዙ መጥቶ ከነሽፋናቸው ጭኖ ወደ ከተማ ወሰዳቸው። ነጋዴውም በየደጁ መዞሩን ቀጠለ፤ ዋጋውን እሱ ይናገራል፣ ሴቶቹ ይሸጣሉ።

ሞላ ግን ከዚያ በኋላ የበፊቱ ሞላ አልሆነም። “ቤቱን የገደልኩት እኔ ነኝ” ይል ነበር። “ቁልፉን ባልሰጣት ኖሮ። የሰውን ልማድ ንቄ።” በየዓመቱ ጥቅምት ሲመጣ ይህን ይላል፤ እኔ ምሳውን አቀርባለሁ። አባ ከገዳም ሲመለሱ ነገሩ አልቆ ነበር፤ የጠየቃቸውም የለም። እሳቸውም ሞቱ፤ ቃላቸውን ለምን እንዳዋልኩት ሳያውቁ። ሞላ በታመመ ጊዜ እንኳ፣ “ያቺ የሺ እንዴት ሆና ይሆን?” አለኝ። የት እንዳለች አውቅ ነበር። ቡሬ ገበያ ስሄድ ኮምፒዩተር ቤቷን አይቼ በሌላኛው መንገድ እዞር ነበር። “እንጃ” አልኩት። ለባሌ የነገርኩት የመጨረሻው ውሸት ይህ ነው።

ከተዝካሩ በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ያ “እንጃ” ያልኩት ቃል አላስቀምጥ አለኝ። ቡሬ ወርጄ፣ ባጃጅ ይዤ፣ በዚያው በፈራሁት መንገድ ሄድኩ። የሺ ከገጠር ለመጣች ሴት ስልኳ ላይ መልእክት እንዴት እንደሚላክ እያሳየቻት ነበር። አየችኝና ተነሣች። “እትዬ ውዴ! ጋሼ ሞላ ማረፋቸውን ሰማሁ። ለለቅሶ መምጣት ፈልጌ፣ አገሬው እንዴት ያየኝ ይሆን ብዬ ቀረሁ።”

ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠበቅሁ። ከዚያ ቆሜ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ጥያቄውን፣ ፈትሉን፣ ማኅበሩን፣ “እኔም ሰማሁ” ያልኩትን። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ “ታዲያ በረዶውን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም?” አለችኝ።

የምታሾፍብኝ መሰለኝ። ፊቷን አየሁት፤ አላሾፈችም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ሃያ ሦስት፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ሱቋን ትዘጋለች። በየዓመቱ ለጊዮርጊስ መገበሪያ ስንዴ ትሰጣለች፤ ለዚያ ጤፍ ካሣ ብላ። “ደመና ሲጠቁር እጄን ከኮምፒዩተሩ አነሣለሁ። ደንበኞቼ መብረቅ የምፈራ ይመስላቸዋል” አለች።

የቀማኋት ሥራዋን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ይህን አላውቅም ነበር። ባውቅስ ኖሮ ቀደም ብዬ እመጣ ነበር? እመጣ ነበር ብዬ አልምልም።

ወንበር ሰጠችኝ። ራሷም ተቀመጠች። ከዚያ ሳቀች፤ እያለቀሰች ሳቀች፤ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። “ዛሬ ይቅር ብዬዎታለሁ አልልም፤ ትንሽ ልረፍበት” አለች። “ግን ለአገሩ ሰው ይንገሩልኝ።” በአፌ አልችልም፣ ጻፊልኝና ላንብብላቸው አልኳት። “እኔ አልጽፍልዎትም” አለች። “በጊዮርጊስ ዕለት ይምጡ። ራስዎ ይጽፉታል።”

ቀስ ብዬ የምጽፈው ለዚህ ነው። ዛሬ ሰኔ ሃያ ሦስት ነው፤ የሺ ሱቋን በዚህ ቀን ስትከፍት የመጀመሪያዋ ነው። እኔ በአንድ ጣት ፊደል እየፈለግሁ፣ እሷ ከአጠገቤ የሰው ማመልከቻ እየጻፈች። “ች የት አለች?” እላታለሁ። “እዚያው አፍንጫዎ ሥር” ትለኛለች። የሰው ደብዳቤ ሳነብ ያረጀሁ ሴት፣ ይህን አስቀድሜ ለማታውቁኝ ለእናንተ ልኬ፣ የፊታችን ማርያም በዚያው ማኅበር ላይ የራሴን አነባለሁ። የሺ አብሬ እመጣለሁ ብላለች። ይወቅሱኛል፤ ይውቀሱኝ። ከዚያ ወዲያ ከፊት ባያስቀምጡኝም በሩ አጠገብ ቦታ አለ። ዛሬ ግን ለረጅም ጊዜ ያልተበላልኝ እንጀራ ተበልቶልኝ ነው የመጣሁት።

ቅናት ነበር ብዬ ራሴን ነፃ አላወጣም። ወጣት ነበርኩም አልልም፤ ልብ የምገዛበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ከእማማ ጠጄ ጀምሮ ይቅርታ የምጠይቃቸው ብዙ ናቸው። ልጠይቃቸው የማልችለው ሁለቱን ነው፤ አባንና ሞላን። ሞላ፣ ቤቱን የገደልኩት እኔ ነኝ። አንተ አይደለህም።

ውጭ ሰማዩ ጠቁሯል፤ አሁን ነጎድጓድ ተሰማ። የሺ በመስኮቱ ቀና ብላ አየችው። እጇን ግን አላነሣችም።