ከበሬዬ አፍ የተወሰደ እርሾ

በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ሲገባ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበርሁ። እዚህ ሀብሩ፣ ከመርሳ አለፍ ብሎ ባለው ቀበሌያችን፣ እኔ አንድ በሬ አለኝ፤ ጎረቤቴም አንድ በሬ አለው። አቀናጅተን ነው የምናርሰው። ያንዱ በሬ ከታመመ የሁለታችንም ጤፍ ሳይዘራ ቀረ ማለት ነው።

ጎረቤቴ ታዲያ በሬው ከኔው በሬ አንሶ መታየቱ ያንገበግበዋል። ለካ ዶሮ አርቢዎች ከጫጩት መኖ ጋር የሚቀላቅሉትን ቢጫ ዱቄት «ያፋፋል» ብለውት፣ በፉርሽካ እያሸ ያበላው ኖሯል። በሬው መፋፋቱ ቀርቶ ተቅማጥ ያዘው። ማመስኳት አቆመ። ድርቆሽ ቢሰጡት ፊቱን ያዞራል።

ከመርሳ የከብት ሐኪም አመጣን፤ ልጅ እግር ሴት ናት። ሆዱን ዳሰሰች፣ አዳመጠች።

«ዱቄቱ አንቲባዮቲክ ነው፣ አባባ» አለችው ጎረቤቴን። «በበሬ ሆድ ውስጥ ሳሩን የሚያብላሉ፣ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። እነሱን ፈጀበት።»

«ታዲያ መርፌ ውጊው!» አልሁ።

ወደኔ ዞረች። «መርፌ አይደለም የሚሻው። እርሾ ያለቀበት ቤት ከጎረቤት ይዋስ የለ? ያንቱ በሬ ሲያመሰኳ ካፉ ወስደን፣ ለብ ባለ ውሃ በጥብጠን እንግተዋለን።»

«ወላሂ አትነኪውም! ሰው ባጠፋ የኔ በሬ ጉርሻውን ይነጠቅ?»

«ተይው» አላት ጎረቤቴ። «ነገ ከበሬው ጎን እሱን ራሱን እጠምደዋለሁ። አንገተ ደንዳና ነው፤ ቀንበር አይከብደውም።»

ሐኪሟ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ ደመናውን አየሁ፤ ያልታረሰውን ማሳ አየሁ። ወድጄ እንዳይመስላችሁ፤ እየተናደድሁ ነው በሬዬን የያዝሁላት። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሲያመሰኳ እጇን ባፉ ጎን ሰደደችና አረንጓዴውን ዘገነች። በሬዬ ዞሮ አየኝ፤ «አንተ ቆመህ?» የሚል ይመስላል።

እንዲያ እየወሰድን ጠዋትና ማታ በጠርሙስ ጋትነው። በሁለተኛው ቀን መግሪብ ሰግደን ስንመለስ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል! ጎረቤቴ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«እወቅ፤ በኔ በሬ ሆድ ነው የሚያመሰኳው» አልሁት።

ሐኪሟ የታመመው በሬ ለጊዜው ከድርቆሽ በቀር ምንም፣ በተለይ ያን ዱቄት፣ እንዳይበላ አዝዛለች። በማግስቱ ሱብሂ ሰግጄ ሁለቱንም በሬዎች ደጄ ላይ ባንድ ግርግም አሰርሁ። ዱላዬን ይዤ ፊታቸው ተቀመጥሁ። ጎረቤቴ በሬውን ሊያይ ሲመጣ አስቆምሁና፣ «መጀመሪያ ኪስህን ገልብጥ» አልሁት።