ማልሱክን ያወፈራት

በኮሪያዋ ከተማ በዴጉ፣ የመድኃኒት ቅጠል ሰፈር ውስጥ የባህል ሐኪሙን የታክን ቤት የማያውቅ የለም። ማልሱክ በዚያ ቤት ጓዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራሥርና ቅጠል ስታፈላ የኖረች ሴት ናት። እኔ ፊት ለፊት ዝንጅብል እሸጣለሁ፤ መጀመሪያ ስትቀጠር ቀጭን እንደነበረች ምስክር ነኝ።

ዘንድሮ የሐኪሙ ልጅ ዎንሺክ ሥራውን ተረከበና ውፍረት የሚቀንስ መድኃኒት መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ማልሱክን ማየት አስጠላው። ደንበኛ እሷን ካየ ማን ያምነኛል፣ ሆዷን መግዛት ካቃታት ትሂድ አለ። ባሏ የሞተባት፣ ስድሳ ሊሞላት አንድ ዓመት የቀራት ሴት ሌላ ሥራ ከየት ታመጣለች? ደሜ ፈላ፤ ግን የሰው ቤት ነው።

ሽማግሌው ሐኪም ግን የውፍረቷን ምክንያት ሳላውቅ አላሰናብትም ብለው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሊመረምሯት አስቀመጧት። ዎንሺክ ሊጽፍ ብዕሩን ያዘ። እኔ ዝንጅብል ላስረክብ ገብቼ እዚያው በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ።

ሐኪሙ ምላሷን አዩ፤ ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት ነበረው። ሆዷን ዳሰሱ፤ ቀዝቃዛ ነው አሉ። ከዚያ ሦስት ጣታቸውን የእጇ አንጓ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

“እትዬ ማልሱክ፣ ምሳ እንዴት ነው የሚበሉት?”

“ቆሜ ነዋ ዶክተር። ድስቱ ይገነፍልብኛላ። ሩዙን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምሬ እውጠዋለሁ።”

“ሲናደዱስ?”

“እሱንም እውጠዋለሁ።”

ሐኪሙ ጣታቸውን ሳያነሱ ለልጃቸው አስረዱት። ጨጓራዋን ያደከመው ጥድፊያና ቀዝቃዛ ምግብ ነው፤ የታመቀው ንዴት ደግሞ ደረቷ ላይ ተቋጥሯል፤ እንዲህ ያለ ሰውነት የበላውን ማንቀሳቀስ እያቃተው ያጠራቅማል አሉት።

“ምክንያቱ የእኛ ጓዳ ነው። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።”

ዎንሺክ አልጻፈም። “እሺ፣ ቁጭ ብለው ይብሉ። ድስቱን ማን ይጠብቃል ታዲያ?”

ማልሱክ እጇን ቀስ ብላ አወጣች። ሽርጧን ፈትታ ዎንሺክ ጉልበት ላይ አኖረችው።

“አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድስቱን ማን ይጠብቃል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም” አለች። ወጥታ ሄደች።

አለቀላት ብዬ ፈራሁ። ስከተላት ማዕዘኑ ላይ ያለው ሾርባ ቤት ገብታ ተቀምጣለች። ትኩስ ሾርባ በሩዝ አዝዛ አንድ ሰዓት ሙሉ በላች።

አብረን ስንመለስ ዎንሺክ ባዶው ወረቀት ፊት እንደተቀመጠ ነው። ሽማግሌው ጓዳ ውስጥ ሽርጡን ታጥቀው ድስቱን ያማስላሉ።

“ጠገቡ?” አሏት።

“ነገም ለምሳ እወጣለሁ” አለች ማልሱክ።